የጀሪካኑ ካራቴ

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከየካ አባዶ ነው። የጻፈው የ23 ዓመት ወጣት ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ብሎክ ላይ ያደግን አምስት ጓደኛሞች ነን። የካራቴ ኮሜዲ አጭር ፊልም ልንሠራ ነው። ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ታሪኩም እሱ ነው። ውሃ መጥቶ ሰው ጀሪካኑን ደርድሮ ሲጠብቅ፣ ሦስት ጉልበተኞች ወረፋ ጥሰው ይገባሉ። ያኔ ሁሉም የሚንቀው ሽማግሌ ዘበኛ ድሮ ካራቴ የተማረ ሆኖ ይገኛል። ስክሪፕቱ 20 ገጽ ደርሷል። 14 ተዋናይ አለው። ያለን ብር 12 ሺህ ነው። ከመሃላችን አንዱ በቴኳንዶ ጥቁር ቀበቶ አለው፤ ግን ልምምድ ላይ የምር ይማታል። ባለፈው ሳምንት የአንዱን ልጅ ጎን አሳበጠው። ጥሩ ስልክ ያለው ጓደኛችን ደግሞ ‹ስልኩ የኔ ስለሆነ አክተሩም ዳይሬክተሩም እኔ ነኝ› ብሏል። እናቴ ‹ሥራ ፈት› ትለኛለች። ቀረጻ የምንጀምረው ሐምሌ ላይ ነው። ምን ይመክሩናል?»

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለብዙ ዓመታት የሰርግ ቪዲዮ ስቀርጽና ኤዲት ሳደርግ ኖሬያለሁ። ከዚያ በፊት፣ በናንተ ዕድሜ፣ እኔም ከጓደኞቼ ጋር የካራቴ ፊልም ሞክሬያለሁ። የምነግርህ ያየሁትንና የደረሰብኝን ነው።

መጀመሪያ ታሪኩ። ጥሩ ታሪክ ይዛችኋል። እኔም የምኖረው ከተማው ዳር ስለሆነ ያንን ሰልፍ አውቀዋለሁ። ቢጫው ጀሪካን ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል ተወትፏል። እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ጎኑ ላይ የቤት ቁጥር በማርከር ተጽፏል። ባለቤቱ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል፤ ወረፋውን የያዘለት ጀሪካኑ ነው። አንድ ሰው መጥቶ ያንን ጀሪካን በእግሩ ገፋ ሲያደርገው ምን እንደሚፈጠር አንተ ታውቃለህ። ሆንግ ኮንግ የተቀመጠ ጸሐፊ ይህን አያውቀውም። ስለዚህ የቻይና ቤተ መቅደስ፣ የበቀል መሐላ፣ የተሰረቀ ሰይፍ ስክሪፕቱ ውስጥ ካለ አውጡት። ጀሪካኑ ይበቃችኋል።

20 ገጽ ግን በዛ። በተለምዶ አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የ20 ደቂቃ የድብድብ ፊልም በ12 ሺህ ብር፣ በአምስት ልጆች፣ በሁለት ቅዳሜና እሁድ አያልቅም። ስድስት ገጽ አድርጉት። 14ቱንም ተዋናይ ቀንሱ። ሦስት ጉልበተኞች፣ ሽማግሌው፣ አንዲት ወረፋ የያዘች ሴት፤ በቃ። «ታዲያ ሰልፉስ?» ካልከኝ፣ ሰልፉን ጀሪካን ይሙላው። ከየቤቱ ተውሳችሁ ከ20 እስከ 30 ጀሪካን ደርድሩ። ጀሪካን ምሳ አይበላም፣ አያረፍድም፣ ፊልሙ መሃል ላይ «ቤተሰብ ጠራኝ» ብሎ አይሄድም። ደግሞም እውነቱ ያ ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ ወረፋ የሚጠብቀው ጀሪካን ነው።

አሁን ወደ ጥቁር ቀበቶው ልጅ ልምጣ። ከደብዳቤህ ሁሉ ያስጨነቀኝ የዚያ ልጅ ያበጠ ጎን ነው።

ጓደኛህ ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም የሚማታው። የሠለጠነው ለዚያ ነው። ቴኳንዶ ውድድር ላይ ነጥብ የሚያመጣልህ ተጋጣሚህ ላይ ያረፈ ምት ነው። ዓመታት ሙሉ ሰውነቱ የለመደው ማሳረፍን ነው። ፊልም የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። እግሩ በአየር ላይ አምሮ መጥቶ፣ ከጓደኛው ደረት አንድ ስንዝር ሲቀረው መቆም አለበት። ይህ ሌላ ሙያ ነው። «ቀስ በል» ስላልከው አይመጣለትም፤ እንደ አዲስ መለማመድ አለበት።

ደግሞ የሪንግ ምት ለካሜራ አይመችም። ጎበዝ ተፋላሚ ምቱን ይደብቃል። ካሜራ ፊት ግን ተመልካቹ ምቱ ሲነሳ፣ ሲመጣና ሲያርፍ ማየት ይፈልጋል። እጅ ከሩቅ ይነሳ። እግር ዞሮ ይምጣ። ሪንግ ላይ የሚያስመታህ ዓይነት ሰፊ እንቅስቃሴ ፊልም ላይ ያምራል።

ስለዚህ የምመክርህ ይህንን ነው። ጥቁር ቀበቶውን ልጅ መቺ አታድርገው፤ ተመቺ አድርገው። ከሦስቱ ጉልበተኞች ዋናው፣ ማለትም ቦሱ፣ እሱ ይሁን። የድብድብ ፊልም ከባዱ ሥራ መመታት ነው። ቡጢ መሰንዘር ማንም ይችላል። ቡጢው ሳይነካው አንገቱን በሰዓቱ የሚያዞር፣ ትንፋሹን «ህእ!» ብሎ የሚያወጣ፣ በሁለት እርምጃ ተንገዳግዶ አገጩን ደረቱ ላይ አድርጎ በጀርባው የሚወድቅ ሰው ግን ብርቅ ነው። ተመልካቹ መቺውን የሚያምነው በተመቺው ነው። አወዳደቅ የተማረው ደግሞ እሱ ነው። ይህን ስትነግረው ዝቅ እንዳደረግከው እንዳይሰማው፣ እውነቱን ንገረው፦ ፊልሙ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ከአሁኑ ጀምሮ ሌሎቻችሁን አወዳደቅ ያስተምራችሁ። ሁለት ፍራሽ አውጡና እሱ ዋና አሠልጣኝ ይሁን።

ለምን በዚህ ላይ እንደምደርቅ ልንገርህ። ከብዙ ዓመት በፊት ከኮተቤ በላይ ባህር ዛፍ ውስጥ አንድ ድብድብ ስንቀርጽ ዳይሬክተሩ እኔ ነበርኩ። ቡጢው ከፊቱ የራቀ መሰለኝ። «ትንሽ ጠጋ በል» አልኩት ለመቺው። ተጠጋ። ደግሜ «ትንሽ» አልኩ። ሦስተኛው ላይ የጓደኛዬ የፊት ጥርስ ተሰበረ። እስከ ዛሬ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ሰርግ ላይ አየዋለሁ፣ ለቅሶ ላይ አየዋለሁ፤ ሁልጊዜ እጁ ወደ አፉ ይሄዳል። ቡጢውን ማስጠጋት አያስፈልግም ነበር። ካሜራውን ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ብወስደው ይበቃ ነበር። ያኔ አላወቅኩም።

አንተ አሁን እወቀው። ሁለቱን ተደባዳቢዎች ከጎን ከቀረጽክ በቡጢውና በፊቱ መሃል ያለው ክፍተት ይታያል። ካሜራውን ከመቺው ወይም ከተመቺው ትከሻ ጀርባ አድርገው። ቡጢውና ፊቱ በአንድ መስመር ላይ ሲሆኑ ክፍተቱ ይጠፋል። 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ያለፈ ቡጢ ያረፈ ይመስላል። ነገ ጠዋት በስልክ ሞክሩት። አንዱ ቆሞ ሌላው ቡጢውን በፊቱ ፊት አቋርጦ ያሳልፍ፤ አንተ እየዞርክ ቅረጽ። የትኛው ቦታ ላይ ስትቆም እንደሚያስደነግጥ ራስህ ታገኘዋለህ።

ልምምዱን ደግሞ በዝግታ ጀምሩ። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ እንዳላችሁ ሁሉ ቀስ። ከዚያ በግማሽ ፍጥነት። ከዚያ ትንሽ ጨምሩ። ቀረጻ ላይም ሙሉ ፍጥነት አያስፈልጋችሁም። እንደ ጭፈራ ቁጠሩት፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ወደቀ»። አንድ የማቆሚያ ቃልም ይኑራችሁ። «ተው» እና «በቃ» አይሆኑም፤ ስክሪፕቱ ውስጥም አሉ፣ ሰው የትወናው አካል ይመስለዋል። ጸብ መሃል የማይባል ቃል ምረጡ። «ሽንኩርት» በሉ። ማንም ሰው፣ ጀሪካን ያቀበለ ልጅ እንኳ፣ «ሽንኩርት!» ካለ ሁሉም እዚያው ይቁም። ለምን እንዳለ ጠይቁት እንጂ አትቆጡት።

ጃኪ ቻንን እንደምትወዱት አልጠራጠርም። እኛም ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን «አክተር አይሞትም» እያልን ነው ያደግነው። ሰውየው ግን ከሰባት ዓመቱ ገደማ ጀምሮ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በፔኪንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት ለአሥር ዓመት ያህል ሲገለበጥ፣ ሲወድቅና ሲዘፍን ያደገ ነው። እንዲያም ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውን ፊልሙን ዩጎዝላቪያ ውስጥ ሲቀርጽ ከአንድ ዛፍ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል። ለሞት ነው የደረሰው። ዝላዩ ለሱ ተራ ዝላይ ነበር። እናንተ ከፎቅ አትዘሉም። ከሮቶ ማማ ላይ አትዘሉም። ከትከሻችሁ ከፍታ በላይ ካለ ነገር ላይ ማንም አይወድቅም።

ከሱ የምትወስዱት ሌላ ነገር አለ። ፊልሞቹ ላይ ብዙ ጊዜ መደባደብ አይፈልግም። ማምለጥ ነው የሚፈልገው። በእጁ የገባው ወንበር ወይም መሰላል ነው መሣሪያው። ሲመታም ያመዋል፤ እጁን ያራግፋል፣ ፊቱን ያጨማድዳል። ሳቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። የማያመው ጀግና አያስቅም።

እስቲ ይህን ወደ አባዶ አምጣው። ሽማግሌው ዘበኛ ለምን ይደባደባል? በእኔ አስተያየት አንድም ቡጢ መሰንዘር የለበትም። ሁለት የተሞሉ ጀሪካኖች ይዟል። ሦስት ቀን ጠብቆ ያገኘው ውሃ ነው። አንዱ ክዳን የለውም። የሱ ጭንቀት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃው እንዳይፈስ። ጉልበተኛው ካልቾ ሲሰነዝር ሽማግሌው ጀሪካኑን ለማዳን ጎንበስ ይላል፤ ካልቾው በላዩ አልፎ ሌላኛውን ጉልበተኛ ያገኘዋል። ሁለተኛው ከኋላ ሲመጣ ሽማግሌው ጀሪካኑን መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ ሰውየው ይጠለፍና ይደፋል። ሦስተኛው ቴስታ ሊመታው ሲመጣ ሽማግሌው የፈሰሰች ጠብታ ሊጠርግ ዞር ይላል፤ ቴስታው የብረት በሩን ያገኛል። እየተደባደበ እንደሆነ ራሱ አያውቅም። መጨረሻ ላይ ቀና ሲል ሦስቱ ተዘርረዋል። «ምን ሆናችሁ ልጆቼ?» ይላቸዋል፣ ከልቡ።

ይህ ሦስት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ካሉ አባቶች አንዱ ሊተውነው ይችላል፤ ጢም ላይ ዱቄት የተቀባ የ23 ዓመት ልጅ ማንንም አያሳምንም። ሁለተኛ፣ መውደቁን ሁሉ የሚወድቁት የሠለጠኑት ልጆች ናቸው። ሦስተኛ፣ ዘበኛውን መሳለቂያ አላደረጋችሁትም። ሌሊቱን ሙሉ ካፖርት ለብሶ ሰፈሩን የሚጠብቅ ሰው ድህነቱ መሳቂያ ሲሆን ማየት አልወድም። በሱ ሳይሆን በጉልበተኞቹ ይሳቅ። ለአባትየውም ከ12 ሺው ላይ ክፈሉ። ባይቀበሉም አቅርቡ።

ካልቾና ቴስታ ካልኩ አይቀር፣ የራሳችንን ድብድብ አትናቁት። ሁለቱም ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ግን ከነሱ የበለጠ የሰፈር ነገር የለም። ጠረባ አለ። ኩርኩም አለ። ነጠላ ጫማ አለ። ወረፋ የያዘችው ሴት ቦሱን በአንዲት ኩርኩም ብታንበረክከው፣ አየር ላይ ሦስት ጊዜ ከተገለበጠ ርግጫ በላይ አዳራሹን ታፈርሳለች። ኩርኩም ሁላችንም ቀምሰናል፤ አናታችን ያስታውሰዋል።

አቀራረጹ ላይ አጭር ልሁን። ስልኩን ትሪፖድ ላይ አቁሙት። ሰውየው ከእግር እስከ ራስ ይታይ፤ መቺውም ተመቺውም ፍሬሙ ውስጥ ይሁኑ። ካሜራ ማንቀጥቀጥ የሚጠቅመው መደባደብ የማይችልን ሰው ለመደበቅ ነው፤ እናንተ የምትደብቁት የለም። ስክሪኑን ተጭናችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ። ቤት ውስጥ አምፖል አብርታችሁ ከቀረጻችሁ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) አድርጉ፤ የመዝጊያውን (የሹተሩን) ፍጥነት 1/50 ሴኮንድ ላይ አስቀምጡ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ያለዚያ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይልባችኋል። ይህን ሳላውቅ የአንድ ሰርግ የእራት ክፍል ሙሉ ተበላሽቶብኛል።

ኤዲቲንግ ላይ አንድ የሆንግ ኮንግ ዘዴ አለ። ምቱ ሊያርፍ ሲል ከሩቅ ያሳዩሃል፤ ወዲያው ቀርበው ያንኑ ምት ሁለት ሦስት ፍሬም ወደ ኋላ መልሰው እንደገና ያሳዩሃል። ዓይን መደገሙን አያውቅም፤ ምቱ ከባድ እንደሆነ ብቻ ይሰማዋል። ካፕካት በሚባለው የስልክ ኤዲቲንግ መተግበሪያ ይሠራል። ፍጥነት መጨመርም ትችላላችሁ፤ ከ10 በመቶ ግን አትለፉ። ከዚያ ካለፈ ዶሮ ይመስላል።

ድምፅ ላይ ግን ቆም ልበል፤ ብዙ ጀማሪ ፊልም የሚሞተው እዚህ ነው። አባዶ ንፋስ አለ። ከውጭ በስልኩ ማይክ የቀዳችሁት ንግግር አይሰማም። በገመድ የሚሠራ ትንሽ የደረት ማይክ ግዙ፤ ሌላ ስልክ ላይ ሰክታችሁ የተናጋሪው ኪስ ውስጥ ክተቱት። እያንዳንዱ ቀረጻ ሲጀመር አንድ ሰው ካሜራው ፊት ያጨብጭብ፤ ኤዲት ስታደርጉ ምስሉንና ድምፁን በጭብጨባው ታገጥማላችሁ።

የምቱ ድምፅ ደግሞ ማታ ቤት ውስጥ ይሠራል። በሩን ዝጉ፣ ብርድ ልብስ ስቀሉበት። ቡጢ ከፈለጋችሁ ጥቅል ጎመን በመዳፍ ምቱ። ሆድ ላይ ያረፈ ምት ከፈለጋችሁ የቆዳ ጃኬት ፍራሽ ላይ ዘርግታችሁ በዱላ ምቱት። የእጅ ውልብታ ለማምጣት አርጩሜ ስልኩ አጠገብ አወናጭፉ፤ «ሹው» ይላል፣ ልክ እንደ ድሮው ቪዲዮ ቤት። ለአጥንት ካሮት ስበሩ። ለቴስታው ባዶ ጀሪካን በቡጢ ምቱ፤ «ዱም» የሚለው ድምፅ ጭንቅላት ላይ ሲገጥም ሰው ከወንበሩ ይወድቃል። ይህንን ሥራ ለማታምኑት ልጅ አትስጡት፤ ከናንተ ጆሮ ያለው ይሥራው። ጎመኑን በኋላ አብስሉት።

ዘፈን ከታዋቂ አልበም አትውሰዱ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብትን ይጠብቃል፤ ዩቲዩብም ያነሳባችኋል። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ፈልጉ። ማሲንቆ እየፈጠነ ሲሄድ ድብድብ ላይ የሚሰጠውን ስሜት አንዴ ሞክሩትና ንገሩኝ።

የስልኩ ባለቤት ጉዳይ። ልጁን አትጣሉት። ነገር ግን በአንድ ቀን ተዋናይም ዳይሬክተርም መሆን አይችልም፤ እየተደባደበ ራሱን ማየት አይችልማ። ምርጫ ስጡት። ከሦስቱ ጉልበተኞች አንዱ ይሁን፣ ወይም ዳይሬክት ያድርግ። ስልኩን ስላመጣ ሊከበር ይገባዋል፤ ስሙ መጀመሪያ ላይ ይውጣ፣ ስልኩ ቢሰበር ከማን ኪስ እንደሚሠራ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጻፉ። ፊልሙ የማን ነው? ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ማን ይጭነዋል? አንድ ቀን ብር ቢያመጣ እንዴት ይከፈላል? አምስታችሁም ፈርሙ። በጓደኛ መሃል ወረቀት ያሳፍራል፤ አውቃለሁ። እኛ ስላፈርን አልጻፍንም። ፊልሙ ሳያልቅ ካሴቱ አንዱ ቤት ቀረ፤ እስከ ዛሬም እዚያው አለ።

ብሩን እንዲህ ክፈሉት። 5 ሺው ለምግብና ለሻይ። የራበው ሰው ምቱን ይስታል። 3 ሺው ለማይክ፣ ለሚሞሪ ካርድና ለጉልበት መከላከያ። 2 ሺው ለአባትየው፣ ለትራንስፖርትና ለልዩ ልዩ። ቀሪውን 2 ሺህ አትንኩት፤ ሰው ከተጎዳ መታከሚያ ነው። በቀረጻ ቀን የአንድ ባጃጅ ሹፌር ስልክ ይኑራችሁ፣ የቅርቡ ጤና ጣቢያ እሁድ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። መውደቂያ ለመግዛት ብር አታውጡ። ከሱቆች ባዶ ካርቶን ለምኑ፤ ሳይረገጥ በሁለት ረድፍ ደርድራችሁ በላዩ ፍራሽ አድርጉ። ወይም ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጭድ ሙሉ። ኮብልስቶን ላይ ማንም በባዶው አይወድቅም።

ብር ያነሳችሁ ሲመስልህ የኡጋንዳ ካምፓላዎቹን አስብ። ዋካሊጋ በሚባል ድሃ ሰፈር አይዛክ ናብዋና የሚባል ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር የድርጊት ፊልም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የሠሩትና ዓለም ያወቃቸው ፊልም ከ200 ዶላር በታች እንደፈጀ ይነገራል። የፊልሙን የውሸት ጠመንጃ ከቁርጥራጭ ብረት ሠሩት። ዲቪዲውን ተዋናዮቹ ቤት ለቤት ዞረው ሸጡት። እነሱ ሰፈራቸውን ሌላ ቦታ ለማስመሰል አልለፉም፤ ጭቃውም ቆርቆሮውም ፊልሙ ውስጥ አለ።

ሐምሌን ግን ተዉት። ዝናብ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ደመናው በየአምስት ደቂቃው ብርሃኑን ይለውጠዋል፤ አንዱ ቡጢ ፀሐይ ላይ ተነስቶ ጥላ ላይ ያርፋል። ክረምቱን ስክሪፕት አሳጥሩበት፣ ኮሚናሉ ውስጥ ተለማመዱበት። ጥቅምት ላይ ቅረጹ። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ቆንጆ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፤ ያኔ ምሳ ብሉ። የጥቅምት ጠዋት ይበርዳል፤ ሰውነት ሳታሟሙቁ እግር እንዳታነሱ።

ያላለቀ ሕንፃ ውስጥ እንዳትገቡ። እናንተ ጋ ብዙ እንዳለ አውቃለሁ፤ በስልክ ሲታይም ያምራል። ነገር ግን ደረጃው መደገፊያ የለውም፣ የባህር ዛፍ እንጨቱም ምስማር የሞላበት ነው። የብሎኩን ኮሚቴና ጥበቃዎቹን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ወረዳም ጠይቁ። ጩኸትና ድብድብ ያየ ሰው ፖሊስ ቢጠራ አይፈረድበትም። የውሸት ሽጉጥና የፖሊስ ልብስ ጭራሽ አይታይ። ወረፋ ላይ ያለን ሰው ሳታስፈቅዱ አትቅረጹ። ልጆች መምጣታቸው አይቀርም፤ ከማባረር ሥራ ስጧቸው። አንዱ ያጨብጭብ፣ አንዷ ጀሪካን ትቁጠር። ፊልሙ ውስጥ የሚታዩ ከሆነ ወላጅ ይወቅ።

ውሃውንም አደራ። 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ሙሉውን ይዞ የሚደባደብ ወገቡን ያጣል። ሦስት አራት ሊትር ብቻ ጨምሩበት፤ ክብደት ያለው ይመስላል። የሚፈሰውም የልብስ እጣቢ ይሁን። ጎረቤት ሦስት ቀን የጠበቀውን ንጹሕ ውሃ ለሳቅ ብላችሁ መሬት ላይ ስታፈሱ ካየ፣ ፊልማችሁን አያይላችሁም፤ እኔም አልፈርድበትም።

እናትህን አትሟገታት። «ሥራ ፈት» ያለችህ ስለምትፈራልህ ነው። ፊልሙን ላስረዳት ብለህ አትልፋ፤ ሥራ ስጣት። ፊልሙ የሚጀምረው ከላይ ፎቅ አንዲት እናት «ውሃ መጣ!» ብላ ስትጮህ ነው፤ ከዚያ በሮች ሁሉ ይከፈታሉ። ያንን ድምፅ ተዋናይ አያመጣውም። የምር ውሃ በመጣ ቀን ማይኩን አዘጋጅተህ ጠብቃት። ምናልባት አንዴ አይበቃም፤ ሁለተኛ አስደግማት፣ ሦስተኛውን ራሷ «ቆይ ይሄ አላማረኝም» ብላ ትደግመዋለች።